እንግዳ ሲመጣ መፋቂያ ይሰጣል

ሰው ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ነፋስ ያነባል። በ2089 ዓ.ም. ይህን የማያደርግ የለም። የዕለቱ ነፋስ በየከተማው መግቢያ በተተከለው ሰሌዳ ላይ ገና በማለዳ ይወጣል፤ አጻጻፉም ዘወትር አንድ ዓይነት ነው። «የምሥራቁ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ዋርካ ውሃ ላይ ይመታል።» «የቆላው ከሰባት ሰዓት በኋላ እንጎዬ ላይ ይመታል።» የሚመታበት አገር ሰው መስኮቱን ይዘጋል፣ ያሰጣውን ልብስ ያስገባል፣ ተማሪ ያለው ተማሪውን ያስቀራል። ሠርግ የደገሰ ሠርጉን ወደ ሌላ ቀን ያዛውራል፤ ሽማግሌ ልኮ ነፋስን ያስታረቀ እስካሁን አልተገኘም። ወይራ ያለው ደግሞ ወይራውን መረብ ያለብሳል። ወይራዎቹ እያንዳንዳቸው ቁጥርና መታወቂያ አላቸው፤ የዛፍ መታወቂያ ከሰው መታወቂያ ቀድሞ ይታደሳል እየተባለም ይታማል።

ይህ ሁሉ የመጣው በአመዶ ምክንያት ነው። አመዶ የወይራ በሽታ ነው፤ ከዱቄት የላመ ብናኝ ሆኖ በነፋስ ይሄዳል። ያረፈበት ወይራ በአርባ ቀኑ ቅጠሉ አመድ ይለብሳል፣ በዓመቱ ቆሞ ይደርቃል። አንድ ዛፍ አመድ ከለበሰ ሕጉ ደኑ በሙሉ እንዲቆረጥ ያዛል። አመዶ ቀጥሎ የት እንደሚያርፍ አስቀድማ የምትናገረው ሽውታ ናት። ሽውታ ሰው አይደለችም፤ ቀመር ናት። ነፋሱን፣ ተራራውን፣ ዝናቡንና እስከ ዛሬ የደረሰውን ወረርሽኝ ሁሉ ትውጥና ካርታ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ትተፋለች። የሠራት ዶክተር አስናቀ ነው።

አስናቀ አስራ አራት ዓመት ፊንላንድ ተምሮ የተመለሰ፣ አርባዎቹን የጀመረ ሰው ነው። እዚያ ሳለ ቦታዬ እዚህ አይደለም ይል ነበር፤ እዚህ ከመጣ ወዲህም ያንኑ ይላል። አንድ ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ አይሆንለትም። ተጠራጣሪም ነው። አማርኛውን ይጠራጠራል፤ ሰላምታው መርዘሙን ወይም ማጠሩን ይጠራጠራል፤ ሰዎች ሲስቁ በቀልዱ ይሁን በራሱ ይጠራጠራል። በዓለም ላይ ሳይጠራጠር የሚያምናት ሽውታን ብቻ ነበር። ይህም አይፈረድበትም። ሽውታ አስራ ሁለት ጊዜ ተንብያ አስራ አንዱን ጊዜ አልሳተችም። የሳተችው ጭሮ ሜዳን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን አስናቀ «ከፍታ በብናኝ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ» ብሎ አርባ ገጽ ጽፎ አስረድቶታል። ለጽሑፉም ተሸልሟል።

አገሩ በገባ በሳምንቱ የኤሌክትሪክ የጥርስ ብሩሹን ጣለና መፋቂያ ጀመረ። የአገር ልጅ መሆን ከአፍ ይጀምራል ብሎ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጫፉን ሳያኝክ በደረቁ ፍቆ ድዱን አደማ፤ በሁለተኛው ቀን ሲያኝክ ሰንጥሩ ጥርሱ መሀል ተሰንቅሮ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ጸና እንጂ አልተወም። በሁለተኛው ዓመት መፋቂያው ከአፉ የማይለይ ምልክቱ ሆነ። በጋዜጣ በወጣው ፎቶው ላይ አለ። ያሠለጠናቸው ስድስት ተቆጣጣሪዎችም እሱን ብለው መፋቂያ ነክሰው ነው አገር የሚያዳርሱት።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አስናቀ ግን ባህልም ነበረው። ፊንላንድ ሳለ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ሽፋኗ የተገነጠለ፣ ስለ ወይራ አገር ሰዎች ልማድ የምታወራ አሮጌ የአማርኛ መጽሐፍ አግኝቶ ነበር። ከውስጧ አንዲት ዓረፍተ ነገር ልቡ ላይ ቀረች፦ «እንግዳ ሲመጣ መፋቂያ ይሰጣል።» ውጭ በረዶ ይጥል ነበር፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም አንድ ቀን፣ አለ፣ እንግዳ ሆኜ ስሄድ እሰጣለሁ።

ደግሞም ሰጠ። ቀይ ነጥብ ወዳረፈበት አገር ሁለት ጊዜ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ዛፎቹ ጤነኛ ሳሉ ለመመዝገብ፣ ሁለተኛ በአርባ ቀኑ አመድ መልበሳቸውን ለማየት። በሁለተኛው ጉብኝት፣ ቆራጮቹ መጋዛቸውን ሲያዘጋጁ፣ እሱ ገና ለምለም ከሆነው ቅርንጫፍ አንድ እስር መፋቂያ ይቆርጣል። ለመታሰቢያ ነው። ያንን እስር በቀይ ክር አስሮ ወደሚቀጥለው አገር ይዞ ይሄድና ለደኑ ባላደራ በሁለት እጁ ያስረክባል። አመዶ በቅጠል እንጂ በእንጨት እንደማይተላለፍ ራሱ በመመረቂያ ጽሑፉ አራተኛ ምዕራፍ ላይ አረጋግጧልና በዚህ በኩል ስጋት አልነበረውም።

የአስራ ሦስተኛዋ ቀይ ነጥብ ያረፈችው ወይራ አምባ ላይ ነው። ከሰሜኑ በኩል የቀረው ትልቁ የወይራ ደን የወይራ አምባ ደን ነው፤ አራት መቶ አስራ ሁለት ዛፍ። ማክሰኞ ጠዋት አስናቀና ሾፌሩ ጋሽ ሽፈራው ወደዚያው ይጓዙ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ስሙን ከዛፍ ጋር የሚጋራ መሆኑን ለማንም ሳያነሳ አያልፍም፤ በነፋስ ኮሚሽን ውስጥ ያለሁ ብቸኛ ጤነኛ ዛፍ እኔ ነኝ ይላል። መንገድ ላይ ስለ ወይራ አምባ አንድ መልካም ወሬ አሰማ። አምና አዲስ እንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል፤ ሙቅ ውሃ አለው። አስናቀ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ሙቅ ውሃ የሌለበት አገር አይሆንለትም፤ እንዲህ ያለ አገር ሲገጥመው አንድ ምክንያት ፈልጎ ጉዞውን ይሰርዘዋል።

ወይራ አምባ መግቢያ ላይ ሦስት ማራገፊያ አለ። በመጀመሪያው ሰውን ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው በአየር ይነፉታል። በሁለተኛው ጫማውን ያጥቡታል፣ ኪሱን ይገለብጡታል፣ ጆሮውን ያዩታል። በሦስተኛው ሰውየው «ምንም አልያዝኩም» ብሎ በድምፁ ይፈርማል። የጋሽ ሽፈራውን ኮፍያ ወረሱት። የአስናቀን እስር መፋቂያ ግን ጠባቂዋ አገላብጣ አየችና ቅጹ ላይ «የጥርስ ብሩሽ» ብላ ጽፋ መለሰችለት። የጥርስ ብሩሽ ከማራገፍ ነጻ ነው። ያንን አንቀጽ ያረቀቀው አስናቀ ነበር።

የደኑ ባላደራ እትዬ ዘርትሁን በደኑ አጥር በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት ናቸው፤ ከጡረታ በኋላ መፋቂያ ቆርጠው ገበያ ያወጡ ነበር፤ ንግዱ በሕግ ሲከለከል ደግሞ አገሬው ደኑን በአደራ ሰጣቸው። ከአጥሩ ወዲያ ወይራዎቹ መረብ ለብሰው እንደ ሙሽራ ተደርድረዋል። ሰላምታው በወጉ አለቀ። ሴትዮዋ ስለ በሽታው ብዙ አልጠየቁም። በአርባ ቀኑ አንድ ቅጠል አመድ ቢመስል አራት መቶ አስራ ሁለቱም ይሄዳሉ፣ እንዲያ ነው አይደል? ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁ። አስናቀ አዎ አለ። እሳቸውም ከእነዚህ ውስጥ ስልሳውን ከአንደኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው ጋር እንደተከሉ፣ ከተማሪዎቹ አሁን አያት የሆኑ እንዳሉ ነገሩት። ከዚያ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

አስናቀ ወደ ባህሉ ሄደ። እስሩን አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋና ጎንበስ አለ።

«ከዋርካ ውሃ ወይራ የተቆረጠ ነው። እንግዳ ሲመጣ መፋቂያ ይሰጣል።»

እስከ ዛሬ የሰጣቸው ሁሉ ግር እያላቸውም ቢሆን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ነበር። እትዬ ዘርትሁን ግን እጃቸውን ከነጠላቸው ውስጥ አላወጡም።

«ማን ነው የሚሰጠው?» አሉ።

«እንግዳው።»

«ለማን?»

«ለባላገሩ፣ ለእርስዎ።»

እንዲህ ያለ ነገር ከየት እንዳገኘው ጠየቁት። ስለ መጽሐፏ፣ ስለ ምድር ቤቱና ስለ በረዶው አጫወታቸው። እስቲ እንደተጻፈው በልልኝ አላሉትም፤ ገና እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚያዩት፤ እስቲ ይበሉልኝ አሉት። አለላቸው። እትዬ ዘርትሁን ዓይናቸውን ጨፈኑ። አርባ ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲሳሳት የጨፈኑት አጨፋፈን ነበር።

«ሰ ትጠብቃለች» አሉ።

«አቤት?»

«ይሰጣል አይደለም፤ ይሰጣል ነው።»

ይህ በጽሑፍ ሲታይ አንድ ነው፤ ለዚያም ነው መጽሐፏ ላይ አንድ የነበረው። በጆሮ ግን ሌላ ነው። ሰ ስትላላ እንግዳው ለባላገር ይሰጣል። ሰ ስትጠብቅ ለእንግዳው ይሰጠዋል። የወይራ አገር ሰው ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ከጓሮው ወይራ ቆርጦ አፍህን አጽዳ ብሎ መፋቂያ ይሰጠዋል፤ እንግዳ መፋቂያ ተሸክሞ የመጣበት ዘመን የለም። በዚህ አገር ገና በአንደኛ ክፍል ይህን የማይለይ ልጅ አልነበረም። አስናቀ አንደኛ ክፍልን እዚሁ ነው የተማረው፤ ግን ፊደሉን እንጂ ጥብቀቱን ረስቶት ነበር።

ፊቱ ቀላ። ልማዱ እንደ ሆነው ለመሳቅ ሞከረ፤ ማንም አላገዘውም። እትዬ ዘርትሁን በዚህ ጊዜ እጃቸውን አውጥተው ከእስሩ አንዷን መዘዙ። ለመቀበል አልነበረም። መፋቂያ ሲመርጥ የኖረ ዓይን ነው ያላቸው። ቆዳዋን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና ከመሀሏ ቀጭ አድርገው ሰበሯት። የጤነኛ ወይራ ልብ ወደ ቢጫ ያደላል። የዚችኛዋ ልብ ዙሪያውን ከምድጃ ጥግ እንደተጠረገ አመድ ነበር።

አንቱታው እዚያው ወደቀ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን ይዘህ ስንት አገር ገብተሃል?»

አስናቀ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ፤ አፉ ውስጥ መፋቂያ ነበር። አወጣውና አየው። የሚጥልበት ቦታ አጣ።

የመለሰው ጋሽ ሽፈራው ነው። «ሁሉም ጋ» አለ፣ ኮፍያ የሌለው ራሱን እያከከ። «ሁሉም ጋ ሰጥተዋል ዶክተር።»

«ተቀብለው ምን ያደርጉት ነበር?» አለ አስናቀ።

«ዛፍ ላይ ይሰኩት ነበር። ሰው ኪስ የከረመ መፋቂያ ማን አፉ ውስጥ ይከታል? የእንግዳ ስጦታ ደግሞ አይጣልም። እርስዎ መኪና ሲገቡ የደኑ ትልቁ ወይራ ባላ ላይ ሻጥ ያደርጉታል። ከወይራ የመጣ ወደ ወይራ ብለው።»

«ይህን እያየህ እንዴት አልነገርከኝም?»

ጋሽ ሽፈራው በቅን ልቡና ተገረመ። «የፊንላንድ ባህል መስሎኝ ነዋ። ሰዉም እንደዚያ ነው የመሰለው። እንጎዬ ላይ የደኑ ባላደራ ጠይቀውኛል፤ ፈረንጅ አገር እንዲህ ነው የሚያደርጉት ብያቸዋለሁ። ይሉኝታ ያዛቸው።»

አስናቀ አጠገቡ ካገኛት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቁጥር ሙያው ነውና ሳይፈልግ መቁጠር ጀመረ። እንጎዬ ሰጥቷል። ዋርካ ውሃ ሰጥቷል። ከአስራ ሁለቱ አንድ አገር ብቻ ባዶ እጁን ገብቷል፤ በዚያ ጉዞ መንጋጋው አብጦ ጥርሱን ተነቅሎ ነበርና መፋቂያ የሚባል ነገር ማየት አልፈለገም። ያ አገር ጭሮ ሜዳ ነው። ጭሮ ሜዳ እስከ ዛሬ አረንጓዴ ነው። አርባውን ገጽ አሰበና ከፍታ የሚለውን ቃል በየገጹ ስንት ጊዜ እንደጻፈው ትዝ አለው።

ሽውታስ? ሽውታ እንዴት አስቀድማ አወቀች? ይህንንም ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ደረሰበት። አመዶ መጀመሪያ ከባሕር ማዶ በእውነተኛ ነፋስ መጥቶ ነበር፤ አንድ ጊዜ። ከዚያ በኋላ ሽውታ የምትማረው በሽታው ከደረሰባቸው አገሮች ነበር፤ በሽታው የሚደርሰው ደግሞ እሱ ከሄደባቸው። ትንሽ ቆይታ በሽታው አስፋልት እንደሚወድ አወቀች። ማክሰኞ መነሳት እንደሚወድ አወቀች። እሱም ይህን አይቶ «የመንገድ ዳር ነፋስ» የሚል ንድፈ ሐሳብ አውጥቶ ነበር። ወይራ አምባ ለስምንት ዓመት ሰላም ከርማ በዚህ ዓመት ቀይ የሆነችው በምን እንደሆነ ዝናቡን ሁሉ አገላብጦ አጥቶት ነበር። አምና ሙቅ ውሃ ገብቷል። ሽውታ የነፋስን ጠባይ አላጠናችም፤ ያጠናችው የእሱን ጠባይ ነው፤ እሱ ራሱን ከሚያውቀው በላይ አድርጋ።

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» አለ ጋሽ ሽፈራው ለራሱ። «ስንት ዓመት ነፋስን ስናማ ኖርን።»

እዚህ ላይ አስናቀ ሁለት መንገድ እንዳለው አየ። አንደኛው ቀላል ነው። እስሩን ያቃጥላል፣ አፉን ይጉመጠመጣል፣ ዝም ይላል። ወይራ አምባ አረንጓዴ እንደሆነች ትቀራለች፤ እሱም ሌላ አርባ ገጽ ይጽፋል፤ ርዕሱ ሳይቀር ወዲያው መጣለት። ለሁለት ደቂቃ ያህል በዚህ መንገድ በሐሳቡ ሄደ፤ መንገዱም ደልዳላ ነበር። ከዚያ ስድስቱ ተቆጣጣሪዎቹ ታዩት። በስድስት አቅጣጫ፣ እያንዳንዳቸው መፋቂያ ነክሰው፣ በቀይ ክር የታሰረ እስር ኪሳቸው ከትተው። ቀይ ክሩን የገዛላቸው እሱ ነው።

እዚያው ድንጋዩ ላይ ሆኖ ለኮሚሽኑ ጻፈ። ሦስት ጊዜ ረቂቁን ሰረዘ፤ ሁሉም በአማርኛው ላይ ሲጠራጠር የሰረዛቸው ናቸው። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «አስራ አንዱን ደን ያስቆረጠው ነፋስ አይደለም። እኔ ነኝ። በመፋቂያ። የተቆጣጣሪዎቹ መፋቂያ ዛሬውኑ ይሰብሰብ። የጥርስ ብሩሽ የሚለው አንቀጽ ይሰረዝ። ለአስራ አንዱም አገር ሰው ራሴ ሄጄ እንድናገር ይፈቀድልኝ።» ላከው። ቀለል ሊለው ይገባ ነበር፤ አላለውም፤ ድንጋዩ ቆርቁሮት ተነሳ።

እትዬ ዘርትሁን ዛፎቹን እያዩ ይጠብቁ ነበር። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደናቸው ምን ይሆናል? አስናቀ አስረዳቸው። ቀይ ነጥብ አርፎበት ጤናው ሳይመዘገብ የቀረ ደን አርባ ቀን ሙሉ የተመዘገበ ተቆጣጣሪ ከአጠገቡ ሊለየው አይችልም፤ እሱ ደግሞ አሁን ገብቶ ሊመዘግብ አይችልም፤ ጠባቂ የሌለው ደን ለጥንቃቄ ይቆረጣል። ይህንንም አንቀጽ የጻፈው እሱ ነው። ሌላ ተቆጣጣሪ ይላክ እንዳይባል ሁሉም በመፋቂያ የተነካኩ ናቸው። ስለዚህ ወይ እሱ ይሄድና ደኑ ይቆረጣል፣ ወይ እሱ አርባ ቀን እዚህ ይቆያል።

«ከአጥሩ ውጭ» አሉ እትዬ ዘርትሁን።

«ከአጥሩ ውጭ።»

«ከከተማውም ውጭ። በየጓሮው ወይራ አለ። እንግዳ ማረፊያው በር ላይ ሁለት አለ።»

ሙቅ ውሃው ከእጁ ሲያመልጥ ያን ጊዜ ገባው።

ልብሱን አስወልቀው ከእስሩ ጋር በበርሜል ውስጥ አስቀቀሉት። ሲቀቀል ያገለባበጠው ራሱ አስናቀ ነው፤ እትዬ ዘርትሁን መፋቂያዋን የነኩበትን እጃቸውን በሳሙና ደጋግመው ታጥበው፣ ነፋሱ ወደየት እንደሆነ እያዩ ዞር በል ይሉት ነበር። ሱፉ ከበርሜሉ ሲወጣ ለአሻንጉሊት የሚበቃ ሆኖ ነበር። በምትኩ የሟች ባላቸውን ካፖርትና ሱሪ ላኩለት፤ ሟቹ አጭር ሰው ነበሩ፤ ሱሪው ባቱ ላይ ቀረ። ከአጥሩ በታች፣ ድንጋይ ይፈለጥበት ከነበረው ገደል ሥር፣ መኪናዋን አቁመው ሸራ ወጠሩ። አርባው ቀን የተጀመረው እንዲያ ነው።

ቀኖቹ የሚገርም ነገር አልነበራቸውም። ጠዋት ሰሌዳውን በመነጽር ያነባሉ። የወይራ አምባ ሰው በሩቁ መጥቶ ያያቸዋል፤ ምግብ በረጅም እንጨት ጫፍ ተንጠልጥሎ ይመጣላቸዋል። ወሬው ገበያ ደርሶ ስለነበር ማክሰኞ ማክሰኞ ተመልካች ይበዛል። አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ወዲያ ቆመው፣ ፊንላንድ ድረስ ሄደህ ይህን ተምረህ መጣህ ልጄ፣ እዚሁ ብትቀር ምን ይቀርብህ ነበር? ብለው ጠየቁት። አስናቀ ብዙ አሰበበትና አላውቅም አለ። በዚያ ሳምንት ከተናገራቸው ነገሮች ሳይጠራጠር የተናገረው ይህን ብቻ ነበር።

እትዬ ዘርትሁን በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንበራቸውን ከአጥሩ ወዲያ ያስቀምጡና ያስነብቡታል። እሳቸው ቃሉን በካርቶን ላይ ጽፈው ያነሳሉ፤ እሱ ከዚህ ማዶ ይጮኻል። ገና ሲላላ፣ ገና ሲጠብቅ። ዋና ሲላላ፣ ዋና ሲጠብቅ። ሲሳሳት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስለ አስራ አንዱ ደን አንድም ቀን አንስተውበት አያውቁም፤ አንድ ቀን ብቻ ካርቶኑ ላይ «ይቀራል» ብለው ጽፈው አነሱ። ቃሉ አንድ ንባብ ብቻ እንዳለው እያወቀ አስናቀ ሳይጮኽ በከንፈሩ ብቻ ደጋግሞ አነበበው። እሳቸውም አላስቸኮሉትም።

እንቅልፍ የነሳው ሌላው ነገር ነው። ሽውታ በየጠዋቱ ወይራ አምባን ቀይ አድርጋ ታሳያለች። እሱ ከአጥሩ ሁለት መቶ እርምጃ ላይ ነው ያለው። ብናኝ አንድ ቦታ ተርፎ ይሆን? ሸራው ላይ፣ መኪናዋ ምንጣፍ ሥር፣ ጥፍሩ ውስጥ? በሠላሳኛው ቀን ጸጉሩን ተላጨ። በሠላሳ አምስተኛው ቀን ጋሽ ሽፈራውም ተላጨ፤ ለወዳጅነት ነው አለ እንጂ ጸጉሩን ያጣው ከብዙ ዓመት በፊት ነበር።

በአርባኛው ቀን ከኮሚሽኑ አዲስ ተቆጣጣሪ መጣች። ከቦርሳዋ ኪስ የወጣው የጥርስ ብሩሽ ፕላስቲክ እንደነበር ሦስቱም ማራገፊያዎች አረጋገጡ። ደኑ ውስጥ ገብታ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ቆየች። አስናቀ ከገደሉ ሥር ሆኖ መረቦቹ አንድ በአንድ ሲነሱና ሲመለሱ ያይ ነበር፤ አራት መቶ አስራ ሁለቱንም ቆጠረ፤ አንድ ቦታ ላይ ቁጥሩ ጠፍቶበት እንደገና ከአንድ ጀመረ። ተቆጣጣሪዋ ወጣችና ወረቀቷን ለእትዬ ዘርትሁን ሰጠች። እትዬ ዘርትሁን አንብበው ጨረሱ፣ ወረቀቱን አጣጠፉ፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ከዚያ ወደ ገደሉ ዞረው ራሳቸውን አንድ ጊዜ ነቀነቁ። አረንጓዴ ነው።

ሽውታ ሁለተኛ ጊዜ ሳተች። አስናቀ ሸራው ሥር ገብቶ የሟቹን ካፖርት ፊቱ ላይ ጣለ። ጋሽ ሽፈራው ራዲዮኑን ከፍ አደረገለት።

የኮሚሽኑ መልስ የመጣው በዚያው ቀን ነው። አርባ ቀን የዘገየው ስብሰባ ስለነበረ ነው። የተቆጣጣሪዎቹ መፋቂያ መሰብሰቡን፣ አንቀጹ መሰረዙን ይገልጽና እንዲህ ይቀጥላል፦ «ማመልከቻዎን መርምረናል። ሽውታ በትክክል መሥራቷ ተረጋግጧል፤ ስህተቱ ምክንያት በሚለው ዓምድ ላይ ብቻ ስለሆነ ይኸው ታርሟል። ወደ አስራ አንዱ ስፍራዎች ለመሄድ የጠየቁት ተፈቅዷል። ሆኖም በአሁኑ መመሪያ በሽታ ተሸክሞ ከአገር አገር ሊንቀሳቀስ የሚችለው ነፋስ ብቻ ስለሆነ፣ እርስዎ ከነገ ጀምሮ እንደ ነፋስ ተመዝግበዋል። ከሰላምታ ጋር።»

በማግስቱ ጠዋት ሸራውን አወረዱ። እትዬ ዘርትሁን በአርባ ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአጥሩ ወጥተው እስከ መኪናዋ ድረስ መጡ። በእጃቸው ገና ከማሸጊያው ያልወጣ፣ ቢጫ፣ የሕፃናት የጥርስ ብሩሽ ይዘዋል፤ ከወይራ አምባ ሱቅ የተገኘው እሱ ብቻ ነበር።

«እንግዳ ሲሄድ ብሩሽ ይሰጣል» አሉ። ሰ ጠብቃለች።

አስናቀ በሁለት እጁ ተቀበለ። ስለ ሱሪው አመሰገነ። መጀመሪያ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁት። «ዋርካ ውሃ» አላቸው። ዋርካ ውሃ ከአርባ ሁለት ቀን በፊት ሁለት መቶ ዘጠና ወይራ ነበር፤ የዋርካ ውሃ ሰውም በቁጡነቱ የታወቀ ነው። እትዬ ዘርትሁን ይህን ያውቃሉ። ካፖርቱን መልስ ያላልኩህ በደግነት እንዳይመስልህ፣ አሉ፣ ወፍራም ስለሆነ ነው፣ አታውልቀው።

ከተማው መውጫ ላይ ሰሌዳው አጠገብ ሲደርሱ ጋሽ ሽፈራው መኪናዋን አቆመ። የዕለቱ ነፋስ ወጥቷል። የምሥራቁ አለ፣ የቆላው አለ። ከእነሱ በታች ቀለሙ ገና ያልደረቀ የሚመስል አንድ አዲስ መስመር ነበር፦

«አስናቀ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ዋርካ ውሃ ላይ ይመታል።»

ሁለቱም አነበቡት። ከሰሌዳው ማዶ አንዲት ሴት ያሰጣችውን ልብስ እየሰበሰበች፣ እነሱን አየት አድርጋ መስኮቷን ዘጋች። አስናቀ መስመሩን እንደገና አነበበው፤ አርባ ቀን የተማረውን ሁሉ በከንፈሩ ሞከረበት፤ በሁለቱም መንገድ ትርጉም ይሰጣል።

«ጋሽ ሽፈራው» አለ። «ይቺ መ ትላላለች ወይስ ትጠብቃለች?»

ጋሽ ሽፈራው ማርሽ አስገባ።

«እሱን ዋርካ ውሃ ስንደርስ ይነግሩናል።»